ዘ ኦኔዲን ላይን፦ ስለ ድሮው የእንግሊዝ የባሕር ድራማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ድራማውን ገና ልታዩት ያሰባችሁ ደግሞ ስለ አን ሞት የሚያወራውን ጥያቄ ዝለሉት።

ዘ ኦኔዲን ላይን ምንድን ነው?

ቢቢሲ ከ1971 እስከ 1980 ያሳየው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ታሪኩ የሚያጠነጥነው የሊቨርፑል ወደብ ነዋሪ በሆነ በአንድ የመርከብ ነጋዴ ቤተሰብ ላይ ነው። ዘመኑ ከ1860 እስከ 1886 ነው። መርከብ በሸራ ይሄድ የነበረበት ጊዜ እያበቃ፣ የእንፋሎት ሞተር ወደ ባሕር እየገባ የነበረበት ጊዜ።

ስሙ ያደናግራል። «ላይን» ሲባል የሚሰመር መስመር አይደለም። እኛ «አየር መንገድ» ስንል መንገዱን ሳይሆን ድርጅቱን ማለታችን አይደል? ይኸም እንደዚያ ነው። «የኦኔዲን የመርከብ ድርጅት» ማለት ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ጄምስ ኦኔዲን ገንዘብ የሌለው፣ ኩራት የተረፈው ወጣት ካፒቴን ነው። የሚሠራው ካለን ለሚባል ሀብታም የመርከብ ባለቤት ነው። ከካለን ጋር ይጣላና ሥራውን ጥሎ ይወጣል። አሁን የራሱ መርከብ ያስፈልገዋል። ገንዘብ ግን የለውም።

ዌብስተር የሚባሉ፣ መጠጥ የሚወዱ አንድ ሽማግሌ ካፒቴን አሉ። ቻርሎት ሮድስ የምትባል መርከብ አለቻቸው። አን የምትባል፣ በዚያ ዘመን አስተያየት የጋብቻ ዕድሜዋ ያለፈ ልጅም አለቻቸው። በድርድሩ መሐል ጋብቻ ገባበት። ጄምስ መርከቧን አገኘ፣ አን ባል አገኘች። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይሏል ይኸ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ውድድሩም፣ ክህደቱም፣ ማዕበሉም፣ ሳያስቡት የመጣው ፍቅርም፣ ከዚህ ውል የሚፈልቅ ነው።

ከጎን ወንድሙ ሮበርት አለ። በመጀመሪያ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ሚስቱ ሳራ ወደ ላይ ወደ ላይ የምትገፋው ፈሪ ሰው ነው። እህቱ ኤልሳቤጥም አለች። እሷ ዳንኤል ፎጋርቲን ትወዳለች፤ ከእሱም ትፀንሳለች፤ የምታገባው ግን የመርከብ ሠሪ ልጅ የሆነውን አልበርት ፍሬዘርን ነው። የዚህ ነገር መዘዝ ለብዙ ሲዝን ይዘልቃል።

ኦኔዲን የሚባል ቤተሰብ በእውነት ነበር?

አልነበረም። ድራማውን የፈጠረው ሲሪል ኤብርሃም የሊቨርፑል ሰው ነው። በወጣትነቱ በንግድ መርከብ ላይ ሠርቷል፤ በኋላም አውቶቡስ ነድቷል። ለቤተሰቡ የሚሆን ስም ሲፈልግ በአውሮፓ ተረት ውስጥ ያለችውን ኦንዲን የተባለች የባሕር መንፈስ አገኘ። ከስሟ አንዷን ፊደል ከቦታዋ አንሥቶ ሌላ ቦታ አስገባት። ኦንዲን ኦኔዲን ሆነች። በእንግሊዝ የስልክ ማውጫ ብትፈልጉ የማታገኙት፣ ግን የድሮ ቤተሰብ ስም የሚመስል ስም ተወለደ። ኤብርሃም የሞተው በ1979 ነው፤ የመጨረሻውን ሲዝን ሳያይ።

ስንት ክፍል ነው? ከየት ልጀምር?

ስምንት ሲዝን፣ 91 ክፍል። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 1970 የታየ አንድ የሙከራ ክፍል አለ። በሙከራው ላይ ፒተር ጊልሞር ጄምስን ሲጫወት፣ አን ሆና የምትታየው ግን ሌላ ተዋናይት ናት።

ከመጀመሪያው ጀምሩ። ሁለቱን የመጀመሪያ ሲዝኖች ካያችሁ የድራማውን ፍሬ ነገር አይታችኋል ብል አላጋነንኩም። ከዚያ በኋላ ያለው ጥሩ ጥሩ ክፍሎች አሉት፣ ግን ይወጣል ይወርዳል። ወደ መጨረሻው ልጆቹ አድገው የልጆቹ ትዳርና ፀብ ይበዛል። ያኔ ከመርከቡ ይልቅ ሳሎኑ እየበዛ ይመጣል። እኔ መርከቡን ነው የምፈልገው።

ያ የመግቢያው ሙዚቃ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ድራማውን አይተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ይጠይቃሉ። ሙዚቃው ለድራማው የተሠራ አይደለም። አራም ኻቻቱሪያን የተባለው የሶቪየት ዘመን አርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ «ስፓርታከስ» ለሚባለው ባሌት ከጻፈው የተወሰደ ነው። ባሌቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌኒንግራድ የታየው በ1956 ነው። የተወሰደው ክፍል ስፓርታከስና ፍሪጂያ የሚባሉት ባልና ሚስት ከባርነት አምልጠው ሲገናኙ የሚጨፍሩበት ዝግ ያለ ዜማ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ስለ ሮማ ባሪያዎች አመፅ የተጻፈ ዜማ፣ በሊቨርፑል ነጋዴ መርከብ ላይ ተጫነ። ግን ገጠመ። ዜማው ቀስ ብሎ ይጀምርና እያበጠ እያበጠ ሄዶ እንደ ማዕበል ይፈነዳል። በስክሪኑ ላይ ደግሞ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ ውኃውን እየቀደደች ትመጣለች። ከዚያ ወዲህ እንግሊዛውያን ዜማውን በኮንሰርት አዳራሽ ሲሰሙት «የኦኔዲን ሙዚቃ» ነው የሚሉት። ስፓርታከስን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። (አርመንና ሙዚቃ ሲነሣ የእኛ ሰው ወደ አገራችን መጥተው ሙዚቃ የተጫወቱትን አርባዎቹን የአርመን ልጆች ማስታወሱ አይቀርም፤ ያ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።)

ጄምስ ኦኔዲን ጥሩ ሰው ነው ወይስ ክፉ?

ገብጋባ ነው። ከሳንቲም ሳንቲም ይቆጥራል። ለመርከበኞቹ የሚሰጠውን ምግብ ይቀንሳል። ለወንድሙ ሲያበድር እንኳ ትርፉን አስልቶ ነው። ቃሉን ግን ይጠብቃል፤ በተለይ በጽሑፍ ከሆነ። ውል ላይ የተጻፈውን አንድም አያጎድልም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ አንድም አይጨምርም።

ድራማውን ከእኩዮቹ የለየው ይህ ይመስለኛል። በዚያ ጊዜ የነበሩት የታሪክ ድራማዎች ዋና ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጨዋና ለጋስ ነበሩ። ጄምስ እንደዚያ አይደለም። ትወዱታላችሁ፣ ቀጥሎ ያናድዳችኋል፣ ከዚያ መርከቡን በማዕበል ውስጥ ሲመራ ስታዩት ይቅር ትሉታላችሁ። ፒተር ጊልሞር በጎን በኩል የሚወርድ ወፍራም ጢሙን ይዞ፣ ዓይኑን አጥብቦ አድማሱን ሲያይ፣ ሰውየው ነፋሱን ራሱን ሊከራከረው የተዘጋጀ ይመስላል።

ሚዛኑን የሚጠብቀው ደግሞ ቤንስ ነው። ሃዋርድ ላንግ የሚጫወተው ይህ ሽማግሌ መርከበኛ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነው፤ ልቡ ግን ቀና ነው። ጄምስ ሲያጠፋ ፊት ለፊት የሚናገረው እሱ ነው። ሳይጣሉ ያለፉበት ጉዞ የለም፤ ተለያይተው መኖርም አይችሉም። ለእኔ የድራማው እውነተኛ ትዳር የሁለቱ ነው።

ጄምስንና አንን የተጫወቱት በእውነተኛ ሕይወት ተጋቡ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ፒተር ጊልሞርና አን ስታሊብራስ የተጋቡት በ1987 ነው፤ ድራማው ካለቀ ከሰባት ዓመት በኋላ። በስክሪን ላይ ለመርከብ ብለው ተጋብተው፣ በሕይወት ደግሞ ያለ መርከብ ተጋቡ። እሱ እስከሞተበት እስከ 2013 አብረው ኖሩ። እሷ በ2021 አረፈች። የድሮ ተመልካቾች ስለ ድራማው ሲያወሩ ይህን ሳያነሡ አያልፉም፤ አይፈረድባቸውም።

አን ለምን ሞተች?

በታሪኩ ውስጥ በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ በወሊድ ትሞታለች። ልጅቷ ትተርፋለች፤ የመርከቧን ስም ወስዳም ቻርሎት ትባላለች። በዚያ ዘመን በወሊድ መሞት የተለመደ ስለነበረ ጸሐፊዎቹ ከሰማይ ያወረዱት ነገር አልነበረም።

ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ምክንያት ቀላል ነው፤ ተዋናይቷ መውጣት ፈለገች። ድራማው ግን ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አላገገመም። አን ጄምስን ፊት ለፊት «ይህ ነውር ነው» የምትለው፣ የሚሰማትም፣ ብቸኛዋ ሰው ነበረች። በኋላ ጄምስ የልጁን አስተማሪ ሌቲ ጎንትን ያገባል። ጂል ጋስኮይን ሌቲን ጥሩ አድርጋ ተጫውታታለች። ቢሆንም ቦታው የአን ቦታ ነው።

ለምንድን ነው አንዳንድ ገጸ ባሕርያት በመሐል ፊታቸው የሚቀየረው?

ተዋናዮች ስለሚለቁ ነው። ሮበርትን መጀመሪያ ብራያን ሮውሊንሰን፣ ቀጥሎ ጄምስ ጋርበት ተጫወቱት። ዳንኤል ፎጋርቲን መጀመሪያ ማይክል ቢሊንግተን፣ በኋላ ቶም አዳምስ። ማንም ምንም ሳይል አዲሱ ሰው ገብቶ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ክፍል ካያችሁ ትለምዱታላችሁ። ሌላ የምታውቁት ፊት ካጋጠማችሁም አትገረሙ። የካለንን ዘመድ ኤማን የምትጫወተው ወጣቷ ጄን ሲሞር ናት፤ በ1973 በጄምስ ቦንድ ፊልም ዓለም ያወቃት።

የተቀረጸው ሊቨርፑል ነው?

አይደለም። ይህን ስሰማ እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። በ1970ዎቹ የሊቨርፑል ወደብ የ1860ዎቹን መልክ አጥቷል። ክሬን፣ ኮንክሪትና ሽቦ ሞልቶታል። ስለዚህ የቀረጻ ቡድኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ ወዳለችው ዳርትማውዝ ወረደ። እዚያ ቤያርድስ ኮቭ የምትባል በድንጋይ የተነጠፈች ትንሽ የመርከብ ማቆሚያ አለች። አሮጌ ቤቶቿ እስከ ውኃው ጫፍ ይደርሳሉ። ጭነት የሚወርድባት፣ ሰዎች የሚሰነባበቱባት «ሊቨርፑል» በአብዛኛው እሷ ናት። ኤክሰተርና ግሎስተርም የተቀረጹ ትዕይንቶች አሉ።

ዛሬም ዳርትማውዝ የሚሄዱ አድናቂዎች እዚያው ድንጋይ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ማለት ነው፣ ሊቨርፑልን ናፍቀው ዴቨን ይሄዳሉ።

ቤት ውስጥ የሚካሄደው ነገር ደግሞ የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የውጭው በፊልም፣ የውስጡ በቪዲዮ ስለተቀረጸ ምስሉ በር በተከፈተ ቁጥር መልኩን ይለውጣል። በዚያ ጊዜ አብዛኛው የቢቢሲ ድራማ እንደዚህ ነበር። ቴሌቪዥናችሁ የተበላሸ አይምሰላችሁ።

ቻርሎት ሮድስ እውነተኛ መርከብ ናት? አሁን የት አለች?

እውነተኛ ነበረች። ሦስት ምሰሶ ያላት የእንጨት መርከብ ናት፤ በ1904 ዴንማርክ ውስጥ ተሠርታ በሌላ ስም ለዓመታት ጭነት ስታመላልስ የኖረች። አስተውሉ፣ ታሪኩ በሚካሄድበት ዘመን ገና አልተወለደችም። ግን በ1970ዎቹ በሸራ የምትሄድ እውነተኛ የጭነት መርከብ ማግኘት ራሱ ዕድል ነበር።

ተዋናዮቹ በእሷ ላይ ሆነው ባሕር ወጥተዋል። ገመዱ እውነተኛ ገመድ ነው። ነፋሱ እውነተኛ ነው። ፊታቸው ላይ የሚረጨው ውኃ ከባልዲ የመጣ ብቻ አይደለም። የዛሬ የባሕር ድራማዎች በኮምፒውተር የፈለጉትን ማዕበል ያስነሣሉ። እንዲያም ሆኖ ዓይን ያውቃል። አንድ ሰው ከባድ ሸራ ሲጎትት ጀርባው የሚያሳየውን ነገር በኮምፒውተር መሥራት ይከብዳል።

መጨረሻዋ አያምርም። በ1979 አምስተርዳም ወደብ ላይ ቆማ ሳለ ተቃጠለች። ድራማው ገና አላለቀም ነበር። ወደ መጨረሻው ሶረን ላርሰን የምትባል ሌላ የዴንማርክ መርከብ ገብታ ሠርታለች። እሷ የተሠራችው በ1949 ነው። ከድራማው በኋላ በ1987 እና በ1988 የእንግሊዝ መርከቦች መጀመሪያ ወደ አውስትራሊያ ያደረጉትን ጉዞ ለማሰብ በተደረገው ጉዞ ላይ ተሳትፋለች።

ሸራ ወይስ እንፋሎት የሚለው ጭቅጭቅ ለምን ያን ያህል ያነጋግራቸዋል?

ምክንያቱም የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። አልበርት ፍሬዘር የእንፋሎት መርከብ ልሥራ ይላል። ጄምስ ነፋስ ነፃ ነው፣ ከሰል ግን በገንዘብ ይገዛል ይላል። በመጀመሪያ እይታ ጄምስ ኋላ ቀር ይመስላል። አልነበረም። በ1860 ሒሳቡ ከእሱ ጋር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት መርከቦች ከሰል ይበሉ ነበር ብቻ ሳይሆን ይሰለቅጡ ነበር። ሩቅ አገር ለመሄድ የመርከቡ ሆድ በከሰል ይሞላል። ታዲያ ጭነቱ የት ይግባ? ስለዚህ እንፋሎት ለአጭር መንገድ፣ ለፖስታና ለመንገደኛ ነበር የሚያዋጣው። ሻይ ከቻይና፣ ሱፍ ከአውስትራሊያ ለማምጣት ሸራ ይሻል ነበር።

ይህን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እዚያው ሊቨርፑል የተነሣ ነው። አልፍሬድ ሆልት የተባለ መሐንዲስ በ1866 አንዱን እንፋሎት ሁለት ጊዜ የሚያሠራ ሞተር የገጠሙ መርከቦችን ወደ ቻይና መስመር አሰማራ። እንፋሎቱ መጀመሪያ በትንሹ ሲሊንደር፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ሳያልቅ በትልቁ ሲሊንደር ይሠራል። ከሰሉ ቀነሰ፤ ለጭነት ቦታ ተገኘ። ከሊቨርፑል ተነሥተው አፍሪካን ዞረው ሞሪሸስ እስኪደርሱ ሌላ ከሰል ሳይጭኑ ይሄዱ ነበር። አልበርት ፍሬዘርን ስታዩ ሆልትን አስቡት።

ሁለተኛው የስዊዝ ቦይ ነው። ኅዳር 17 ቀን 1869 ተከፈተ። አፍሪካን መዞር ቀረ። ግን ለማን? ለእንፋሎት። ባለሸራ መርከብ ቦዩን ለማለፍ መጎተት አለበት፤ ከቦዩ ቀጥሎ ያለው ቀይ ባሕር ደግሞ ጠባብ ነው፣ ነፋሱም አይመችም። የሚገርመው፣ ከባለሸራ የሻይ መርከቦች ሁሉ ስመ ጥሯ ከቲ ሳርክ ውኃ ላይ የወረደችው በዚያው ወር፣ ቦዩ ከተከፈተ ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ጌጠኛዋ ሙሽራ የደረሰችው ሠርጉ ካለቀ በኋላ ነው።

በድራማው የሚነሡት «የሬሳ ሣጥን መርከቦች» ምንድን ናቸው?

ያረጁ፣ የበሰበሱ፣ ከአቅማቸው በላይ የተጫኑ መርከቦች ናቸው። ባለቤቱ ጠቀም ያለ ኢንሹራንስ ይገባላቸዋል። በሰላም ከደረሱ ጭነቱን ይሸጣል። ከሰመጡ ኢንሹራንሱን ይቀበላል። በሁለቱም ያተርፋል፤ የሚከስረው መርከበኛው ብቻ ነው። ውል የፈረመ መርከበኛ ደግሞ መርከቡን አይቶ «አልሳፈርም» ቢል ሊታሰር ይችል ነበር።

ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የፓርላማ አባል ለዓመታት ሲጮህ ኖሮ በ1876 ሕግ ወጣ። እያንዳንዱ መርከብ ጎኑ ላይ የጭነት ልክ የሚያሳይ ምልክት እንዲኖረው ተደነገገ። ውኃው ያንን ምልክት ካለፈ መርከቡ ከልክ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ዛሬ ጅቡቲ ብትሄዱ የቆመው መርከብ ሁሉ ጎን ላይ መሐሉ የተሰመረበት ክብ ታያላችሁ። የፕሊምሶል ምልክት እሱ ነው።

ታሪኩ ከእውነተኛው ዘመን ጋር ምን ያህል ይገጥማል?

በንግዱ በኩል ይገጥማል። ውሉ፣ ኢንሹራንሱ፣ የጭነት ሽሚያው፣ አንድ መርከብ ስትዘገይ መላው ቤተሰብ የሚገባበት ጭንቅ፣ ሁሉም ከታሪክ የተቀዳ ነው። ጸሐፊዎቹ ንግድን እንደ ጀብዱ ማሳየት ችለዋል። ስለ ወይን ጠጅ በርሜል ኪራይ የሚደረግ ክርክር ትንፋሽ ሲያስይዝ ሌላ ቦታ አላየሁም።

በሌላ በኩል ግን ቀለል ያለበት ነገር አለ። ሊቨርፑል የከበረችበት ገንዘብ ትልቅ ክፍሉ የመጣው ከባሪያ ንግድ ነው። እንግሊዝ ንግዱን በሕግ የከለከለችው በ1807 ቢሆንም፣ ታሪኩ በሚጀምርበት በ1860 ወደ ሊቨርፑል የሚገባው ጥጥ በአብዛኛው የአሜሪካ ባሪያዎች የለቀሙት ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ከከተማዋ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ለደቡቡ አደሉ። የሰሜኑን መርከቦች ስታሳድድ የኖረችው አላባማ የተባለችው የደቡቡ የጦር መርከብ የተሠራችው ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ በርከንሄድ ነው። እሑድ ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው ድራማ ይህን ሁሉ እንዲሸከም መጠበቅ ይከብድ ይሆናል። ያም ሆኖ ሲመለከቱት ማወቁ አይከፋም።

ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ድራማው ውስጥ አይደለም። በዘመኑ ግን አለ፤ ያውም ቀላል አይደለም። በ1867 እና በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከ13 ሺህ የማያንስ ወታደር፣ እልፍ አእላፍ የጭነት እንስሳ፣ 44 ዝሆን ሳይቀር በባሕር መጥቶ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው ዙላ ላይ ወረደ። አብዛኛው የተነሣው ከቦምቤይ ነው። ይህን ሁሉ ለማጓጓዝ የእንግሊዝ መንግሥት የሚያገኘውን መርከብ፣ ባለሸራውንም ባለእንፋሎቱንም፣ ከነጋዴዎች ተከራየ። የዘመቻው ወጪ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ ቀላል የማይባለው የገባው እንደ ካለንና እንደ ጄምስ ባሉ ሰዎች ኪስ ነው። ስዊዝ ገና አልተከፈተም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። የድራማው ታሪክ የሚጀምረውም በ1860 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ሁለቱ በሐሳቤ ተጣበቁ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም፣ ታቦቱም፣ ብራናውም የሄደው በዚያ ዘመን መርከብ ነው። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞተ። ሙዚቃው ሲጀምርና ሸራዋ ሲዘረጋ እኔም እንደ ሌላው ሰው ልቤ ይነሣል። ቀጥሎ ግን ዙላ ትመጣብኛለች።

ሃዋርድስ ዌይ የሚባለውስ? አንድ ነው?

የተለየ ነው፤ ሰዎች ግን ያምታቱታል። ሃዋርድስ ዌይ የቢቢሲ የ1980ዎቹ ድራማ ነው። ከመስከረም 1985 እስከ ኅዳር 1990 በስድስት ሲዝን 78 ክፍል ታየ። ቶም ሃዋርድ የሚባል የአውሮፕላን ንድፍ ባለሙያ ከሥራ ይቀነስና የካሳ ገንዘቡን ይዞ አንድ የከሰረ ጀልባ መሥሪያ ውስጥ ይገባል። ሚስቱ ጃን ደግሞ የፋሽን ሱቅ ትከፍታለች። ዘመኑ የማርጋሬት ታቸር ነው። ሁሉም ሰው ነጋዴ መሆን ይፈልጋል፤ የሴቱ ትከሻ ሰፊ ነው፣ የወንዱ ሰንሰለት ወፍራም ነው። የተቀረጸው በደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምብል ወንዝ ዳር በምትገኘው በበርስልደንና በአካባቢዋ ነው። ቶምን የሚጫወተው ሞሪስ ኮልቦርን በ1989 አምስተኛው ሲዝን እየተቀረጸ ሳለ በ49 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ፤ ድራማው ያለ እሱ ቀጠለ።

የኦኔዲን መርከብ እንጀራ ነው፣ የሃዋርዶቹ ጀልባ ግን መዝናኛም ነው። አንዱን የወደደ ሁሉ ሌላውን ይወዳል ማለት አይደለም።

አሁን ቢታይ አይሰለችም?

ለአንዳንዱ ይሰለቻል። ሰዎቹ ቆመው ብዙ ያወራሉ። ሳሎን ውስጥ የሚደረግ አንድ ንግግር አምስት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ስልክ እያዩ የሚከታተሉት ዓይነት አይደለም። ሁሉን በአንድ ጊዜ ከማየት ይልቅ እንደ ድሮው በሳምንት አንድ ክፍል ብታዩት ይሻላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጉዞ፣ የራሱ ጭነትና የራሱ ኪሳራ ስላለው እንደዚያ ሲታይ ነው የሚጥመው። በዲቪዲ ስለወጣ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሰው ለምን ይናፍቀዋል?

ከባዱ ጥያቄ ይኸ ነው። ቀላሉ መልስ «ልጅነታቸው ነው» የሚለው ነው። ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ ድራማው የሚታየው እሑድ ማታ ነበር። ለብዙ እንግሊዛዊ ያ ሙዚቃ ማለት ነገ ትምህርት ቤት አለ ማለት ነው። የተተኮሰ ዩኒፎርም፣ ያልተሠራ የቤት ሥራ፣ የእናት ድምፅ ከወጥ ቤት። እኛ የድሮ የሬዲዮ ትረካ መግቢያ ሙዚቃ ስንሰማ የሚሰማን ዓይነት ትዝታ።

ግን ይህ ብቻ ቢሆን ስዊድን፣ ኔዘርላንድስና ሮማኒያ ውስጥ ያን ያህል ባልተወደደ ነበር። በአምባገነኑ በቻውሼስኩ ዘመን አገሩን ለቆ መውጣት የማይችል የሮማኒያ ሰው ሸራዋን ዘርግታ የምትሄድ መርከብ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። ሊቨርፑልን አያውቃት፣ ልጅነቱ እዚያ አላለፈ።

የራሴን ግምት ልናገር። ድራማው ራሱ ሲሠራ ናፍቆት ነበር። ሊቨርፑል በ1970ዎቹ እየተዳከመች ነበር። ጭነት በኮንቴይነር መጓጓዝ ጀምሮ የድሮዎቹ ወደቦች ይዘጉ ነበር፤ የወደብ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አልበርት ዶክ የሚባለው ትልቁ የድሮ ወደብ በ1972 ተዘግቶ በጭቃ ተሞልቶ ቀረ። ማለትም ቴሌቪዥኑ ላይ ወደቡ ሲጮህ፣ መስኮቱ ውጭ ያለው ወደብ ዝም ብሎ ነበር። የዛሬው ተመልካች ደግሞ ያንን የ1970ዎቹን ሳሎን ይናፍቃል። ናፍቆት በናፍቆት ላይ።

እኔ ባሕር በሌለው አገር ያደግሁ ሰው ነኝ። እንግሊዛዊው የሚናፍቀውን እሑድ አላውቀውም። የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ጄምስ ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ነው። አያቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ደመናውን እንዲህ ነበር የሚያየው።